የድንገተኛ ገጠመኝ ሠንጠረዥ እንዴት ይሠራ?

ጥያቄ፦ ለአራት ጓደኞቼ ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ (አጫዋቹ ታሪኩን እየመራ፣ ተጫዋቾቹ ገጸ-ባህሪ ሆነው በዳይስ የሚጫወቱት ጨዋታ) የማጫውተው እኔ ነኝ። የምንጠቀመው እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣውን 5ኛውን እትም ነው። ዓለሙን ራሴ ነኝ የፈጠርኩት። ተጫዋቾቹ ከደጋ ከተማ ተነስተው፣ አንድ ትልቅ ሸለቆ ወርደው፣ ቆላ ላይ ያለ የጨው ገበያ ይደርሳሉ። መንገዱ አምስት ቀን ይፈጃል። ለጉዞው በባለ 20 ገጽ ዳይስ የሚጣል፣ 20 መስመር ያለው የድንገተኛ ገጠመኝ ሠንጠረዥ አዘጋጀሁ። ጅቦች፣ ሽፍቶች፣ ጎብሊኖች (ትናንሽ ተንኮለኛ ፍጥረቶች)፣ ግዙፍ ሸረሪት እያለ ይቀጥላል። ግን ዳይሱ ገጠመኝ ባመጣ ቁጥር ውጊያ ይሆናል። አንዱ ውጊያ ሰዓት ተኩል ይበላል፤ ሲያልቅ ደግሞ ምንም የተለወጠ ነገር የለም። ጓደኞቼ ስልካቸውን መነካካት ጀምረዋል። ሠንጠረዡን ልጣለው ወይስ የሚስተካከል ነው?

ምላሽ፦ አትጣለው ወንድሜ። ይስተካከላል። ደጋና ቆላን የሚያገናኝ ሸለቆ፣ ጨው የሚመላለስበት መንገድ፣ አምስት ቀን ጉዞ። ለገጠመኝ ከዚህ የሚመች ቦታ ማግኘት ከባድ ነው። ችግርህ ያለው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው መስመሮቹ የተጻፉበት መንገድ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ገጠመኙ ጓደኞችህን ምንም አያስከፍላቸውም።

ከመስመሮቹ ልጀምር። «ጅቦች» የሚል መስመር ይዘህ ስትቀመጥ ምን ልታደርግበት ትችላለህ? ጅቦቹ ይመጣሉ፣ ይናከሳሉ፣ ይሞታሉ። በቃ። ውጊያ የሚሆነው መስመሩ ሌላ ነገር ስላልሰጠህ ነው። ጅቦቹ ከየት እንደመጡ፣ ምን ላይ እንደነበሩ፣ ምን እንደሚፈልጉ አይናገርም። ተጫዋቾቹ እስኪደርሱ ድረስ ጅቦቹ የሉም ማለት ነው።

አሁን ያንኑ መስመር እንዲህ አድርገህ ጻፈው፦ «ሰባት ጅቦች በሞተች በቅሎ ላይ ይናከሳሉ። ጭነቷ ገና አልተፈታም። ባለቤቷ ዛፍ ላይ ወጥቶ የሰው ያለህ ይላል።» ጅቦቹ ያው ጅቦች ናቸው። ግን አሁን ጓደኞችህ መነጋገር ይጀምራሉ። አንዱ ሰውየውን እናድን ይላል። አንዱ ጅቦቹ ጠግበው እስኪሄዱ እንጠብቅ ይላል። አንዱ ደግሞ ዓይኑ ጭነቱ ላይ ነው። ይህ ክርክር ራሱ ጨዋታው ነው። መዋጋት ከፈለጉም ይዋጉ፤ ግን መርጠው ነው የሚገቡበት።

ስለዚህ እያንዳንዱ መስመር ሦስት ነገር ይኑረው። ማን ነው? አሁን ምን እያደረገ ነው? ምን ጎድሎታል ወይም ምን ይፈልጋል? ሦስቱን በሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር ጨርስ። ከዚያ በላይ ከጻፍክ ጨዋታው መሃል ቆመህ ማንበብ ልትጀምር ነው፤ እሱም ሌላ መሰልቸት ነው።

ይህ የኔ ፈጠራ እንዳይመስልህ። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ጨዋታውን ሲያወጡ ድንገተኛ ገጠመኝ ትልቅ ሥራ ነበረው። ዋሻ ውስጥ ጊዜ የሚቆጠረው በአሥር አሥር ደቂቃ ነው። አሥር ደቂቃ ባለፈ ቁጥር አጫዋቹ ባለ 6 ገጽ ዳይስ ይጥላል፤ 6 ከወጣ የሚዘዋወር አውሬ መጣ ማለት ነው። ተጫዋቾች የልምድ ነጥባቸውን (ገጸ-ባህሪያቸው የሚያድግበትን ነጥብ) በብዛት የሚያገኙት ደግሞ ከዋሻው ይዘውት ከሚወጡት ሀብት ነበር። የሚዘዋወረው አውሬ ብዙ ጊዜ ይህ ነው የሚባል ሀብት አይዝም። ከሱ ጋር መዋጋት ኪሳራ ነው። ስለዚህ ብልህ ተጫዋች ዳይሱን ይፈራዋል። «ይህን ግድግዳ እንፈትሽ ወይስ እንሂድ?» የሚለው ጥያቄ ክብደት የሚያገኘው ከዚያ ነው።

እየቆየ ሲሄድ የልምድ ነጥብ በዋናነት ጭራቅ በማሸነፍ የሚገኝ ሆነ። አሥር አሥር ደቂቃ መቁጠሩም በብዙ ጠረጴዛ ላይ ቀረ። ዳይሱ ግን አልቀረም። ዛሬ ብዙ ሰው ዳይሱን የሚጥለው መጽሐፉ ላይ ስላየው ነው፤ ምን ለማስከፈል እንደተሠራ ሳያስብ። ያንተም ጨዋታ ላይ የሆነው ይኸው ነው።

የ5ኛው እትም እረፍት ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። የ2014ቱ የአጫዋች መጽሐፍ አንድ ቡድን በአንድ ቀን ከስድስት እስከ ስምንት መካከለኛ ወይም ከባድ ገጠመኝ ይችላል ብሎ ነው የሚያሰላው። መንገድ ላይ ግን በቀን አንድ ቢገጥም ነው። ጠንቋዩ ያለውን አስማት በሙሉ ያንን አንድ ውጊያ ላይ ያራግፋል። ከዚያ ስምንት ሰዓት ይተኛል። ጠዋት ሁሉም እንደ አዲስ ነው፤ ቁስል የለ፣ ድካም የለ። «ሲያልቅ ምንም የተለወጠ ነገር የለም» ያልከው ትክክል ነው። ሕጉ ራሱ ሌሊት ሁሉንም ያጥበዋል።

መጽሐፉ ለዚህ አንድ አማራጭ አለው። ስምንት ሰዓት እንቅልፍ አጭር እረፍት (ጥቂት ብቻ የሚመልስ) ይሆናል፤ ረጅም እረፍት (ሁሉንም እንደ አዲስ የሚያደርገው) ሰባት ቀን ይፈልጋል። ይሠራል፤ ግን ላንተ ጉዞ ይከብዳል። እኔ የምመርጠው እረፍትን ከቦታ ጋር ማያያዝ ነው። ሸለቆው ውስጥ ሜዳ ላይ ማደር አጭር እረፍት ነው በል። ረጅም እረፍት የሚገኘው ሦስት ቦታ ብቻ ነው፦ ላይ አፋፉ ላይ ያለው ገዳም፣ መሃል ላይ ያለው ኬላ፣ ታች ወንዙ ማዶ ያለችው መንደር። ካርታው ላይ አስቀምጣቸው፤ ለተጫዋቾቹም አሳያቸው። እዚያ ለመድረስ ሲሉ ብቻ መንገድ ይቆርጣሉ፣ ይቸኩላሉ፣ ይከራከራሉ። ሁለተኛው ቀን ላይ የባከነች አንዲት አስማት አራተኛው ቀን ላይ ታንገበግባቸዋለች።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ከሁሉ በፊት አንድ ስሌት ሥራ፦ በዚህ ጉዞ ስንት ገጠመኝ ይኖራል? በቀን ሦስት ጊዜ ጣል፤ ጠዋት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሌሊት። በባለ 6 ዳይስ 1 ከወጣ ገጠመኝ ነው። አምስት ቀን ማለት 15 ጊዜ መጣል ነው። በአማካይ ሁለት ተኩል ገጠመኝ ይመጣል። ከ100 ጉዞ በስድስት ወይም ሰባቱ ምንም አይመጣም። (የ2014ቱ መጽሐፍ ባለ 20 ጥለህ 18 እና ከዚያ በላይ ከወጣ ይላል። 15 በመቶ ነው፤ ከአንድ ስድስተኛ ብዙ አይርቅም።)

ሁለት ወይም ሦስት ገጠመኝ! አንተ ግን 20 መስመር ጽፈሃል። 17ቱን ማንም አያያቸውም። አንዳንዱ መቶ መስመር ይጽፋል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ያንን ጉልበት 11 መስመር ላይ አውለው፤ እያንዳንዳቸውን አጥብቀህ ሥራቸው።

11 ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ባለ 20 ዳይስ ለሁሉም መስመር እኩል 5 በመቶ ይሰጣል። እዚያ ላይ ዘንዶና የበቅሎ ነጋዴ እኩል ይመላለሳሉ። እንዲህ ያለ አገር የለም። ሁለት ባለ 6 ዳይስ ጥለህ ብትደምር ግን ከ2 እስከ 12 ታገኛለህ፤ መሃሉ ወፍራም፣ ዳርና ዳሩ ቀጭን ነው። 7 ከ36 ዕድል 6 አለው። 2 እና 12 አንድ አንድ ብቻ አላቸው። 6፣ 7 እና 8 አንድ ላይ 16 ይይዛሉ፤ ግማሽ ሊሞላ ምንም አልቀረው። የ2014ቱ መጽሐፍም ባለ 12 እና ባለ 8 ዳይስ ደምሮ ከ2 እስከ 20 የሚሄድ ሠንጠረዥ ያቀርባል። እሱም ጥሩ ነው፤ ግን 19 መስመር ይፈልጋል። ላንተ ይበዛል።

ይህ ቅርጽ ምን ይጠቅማል? መሃሉ ላይ የምታስቀምጠው ነገር የሸለቆው የዘወትር ኑሮ ነው። ተጫዋቾቹ ደጋግመው የሚያዩት እሱን ነው፤ አገሩን የሚያውቁት በሱ ነው። ዳር ላይ የምታስቀምጠው ደግሞ ሰው እሳት ዳር ተቀምጦ የሚያወራለት ነገር ነው። አንተ የሰጠኸኝን ሸለቆ ይዤ አንድ ሠራሁ። እንደፈለግህ ቀያይረው።

2፦ የወንዙ ዘንዶ። ጠግቦ ውኃው ላይ ተኝቷል። ታንኳ ቀዛፊው ደሴት መስሎት ታንኳውን ጀርባው ላይ አስሯል።

3፦ ማር ቆራጭ በገመድ ገደል ላይ ተንጠልጥሏል። ገመዱን የያዘለት ልጅ ክንዱ ዝሏል።

4፦ ከጌታው የከዳ ወታደር። ጋሻውን በምግብ መለወጥ ይፈልጋል። አሳዳጆቹ ግማሽ ቀን ወደ ኋላ ናቸው።

5፦ ሰባት ጅቦች በሞተች በቅሎ ላይ። ባለቤቷ ዛፍ ላይ ነው።

6፦ አራት ሽፍቶች። አለቃቸው እግሩ መግል ይዟል። የሚያክመው ሰው ይፈልጋሉ።

7፦ ሲራራ ነጋዴዎች፣ 12 በቅሎ ጨው ጭነው። መንገዱን ናዳ ዘግቶባቸው ይማከራሉ።

8፦ አምስት ቀረጥ ሰብሳቢዎች። በአሞሌ ይቀበላሉ። የቆሙት ግን ከእውነተኛው ኬላ አንድ ቀን ርቀው ነው።

9፦ የጭላዳ መንጋ በጠራራ ፀሐይ ወደ ገደሉ እየተንጋጋ ይወርዳል።

10፦ ስድስት ጎብሊኖች የድልድዩን ገመድ ይፈታሉ። ሊሸጡት ነው።

11፦ አስከሬን ተሸክመው ወደ ደጋ የሚወጡ ስድስት ሰዎች። ሟች አገሬ ቅበሩኝ ብሏል። ተሸካሚዎቹ ደክመዋል።

12፦ ድሯ ላይ ደወል የምታንጠለጥል ግዙፍ ሸረሪት። ትናገራለች። ወሬ ትገዛለች።

መሃሉን ተመልከተው። ሽፍታ፣ ነጋዴ፣ ቀረጥ። ጓደኞችህ ሁለት ጊዜ እንኳ በዚህ ሸለቆ ቢያልፉ አንተ ምንም ሳታስረዳ ይህ አገር በጨው እንደሚኖርና በጨው እንደሚጣላ ይገባቸዋል። በኛም አገር አሞሌ ለዘመናት ገንዘብ ሆኖ ሠርቷል፤ ስለዚህ ቀረጥ በአሞሌ ሲጠየቁ አንባቢም ተጫዋችም አይደናገርም። አሞሌ ሌላም ጥቅም አለው። ይከብዳል። መቶ የወርቅ ሳንቲም ኪስ ውስጥ ይገባል፤ መቶ አሞሌ ግን በቅሎ ይፈልጋል። በቅሎ ደግሞ ጅብ ይጠራል።

9ኛውን ልብ በልልኝ፤ እኔ ከሁሉ የምወደው እሱን ነው። ጭላዳ ቀን ሜዳ ላይ ሣር ሲግጥ ይውላል፤ ሲመሽ ገደሉ ላይ ወርዶ ያድራል። በቀትር ከወረደ አንድ ነገር አስደንግጦታል። ምን? እንደገና ሁለት ዳይስ ጣል። 4 ከወጣ የወታደሩ አሳዳጆች ከኋላ እየመጡ ነው። 2 ከወጣ ዘንዶው ከወንዙ ወጥቷል። ይህ መስመር ማንንም አይዋጋም። ግን ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሰው ሁሉ ቀና ይላል።

አሁን አንዱን መስመር እንጫወተው። ሁለተኛው ቀን ጠዋት ነው፤ 1 ወጣ። ሁለቱን ዳይስ ጣልክ፤ 6 ሆነ። ሽፍቶቹ ናቸው።

መጀመሪያ ርቀቱን ወስን። ብዙ አጫዋች ይህን ይዘለዋል፤ ከዚያ ሁሉም ነገር አፍንጫ ሥር ይጀምራል። አፍንጫ ሥር የጀመረ ነገር ደግሞ ውጊያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የዚሁ ጨዋታ እትም ለሜዳ ገጠመኝ አራት ባለ 6 ዳይስ ደምሮ በ10 ያርድ ያባዛ ነበር። በአማካይ 140 ያርድ ይመጣል፤ 130 ሜትር ገደማ። ሸለቆ ውስጥ እንዲያውም ከዚህ ርቆ ይታያል፤ መንገዱ ይጠማዘዛል፣ ከላይ ሆነህ የታችኛውን ጥምዝ ታያለህ። ስለዚህ «ሽፍቶች መጡባችሁ» አትበል። «ከእናንተ በታች፣ ሁለት ጥምዝ ወረድ ብሎ፣ ሦስት ሰዎች አንድ ሰው በቃሬዛ ይዘው ጥላ ሥር አረፍ ብለዋል። ጦራቸው ዛፉ ላይ ተደግፏል። እስካሁን ቀና አላሉም» በል። ከዚያ ዝም በልና ጠብቅ። መደበቅ፣ መዞር፣ መጣራት፣ ማድባት፣ ሁሉም ይቻላል።

ቀጥሎ አቀባበላቸውን ጣል። ይህም ከድሮው ጨዋታ የመጣ ነው፤ 5ኛው እትም ላይ በዚህ መልኩ አታገኘውም፤ ግን ከምንም ጋር ሳይጋጭ ይገባል። ሁለት ባለ 6 ዳይስ ነው። በ1981ዱ እትም 2 ከወጣ ወዲያው ያጠቃሉ። ከ3 እስከ 5 ጠላትነት አላቸው፣ ሊያጠቁ ይችላሉ። ከ6 እስከ 8 አልወሰኑም። ከ9 እስከ 11 ይሄዳሉ ወይም ይደራደራሉ። 12 ወዳጅ ናቸው። ዕድሉን አስላው፦ ወዲያው ማጥቃት ከ36 አንድ ብቻ ነው። ያልወሰኑት 16 ናቸው። ያንተ ጠረጴዛ ላይ መቶ በመቶ የነበረው ውጊያ እዚህ ሦስት በመቶ አይሞላም።

9 ወጣ እንበል። ጓደኞችህ ሲታዩ አንዱ ሽፍታ ይነሳና «እናንተ! ከመካከላችሁ ቁስል የሚያይ አለ?» ብሎ ይጮኻል። አለቃው ትኩሳት ላይ ነው። ፈዋሹ አንድ አስማት ቀርቶታል፤ ቀጣዩ ረጅም እረፍት ደግሞ ኬላው ጋ ነው፤ ሌላ አንድ ቀን። ለሽፍታ ያውጣው? ካወጣው ሽፍቶቹ በምላሹ ስለ ሐሰተኛው ኬላ ይነግሩታል፤ እነማን እንደሆኑ ያውቃሉ። 4 ቢወጣስ? ሽፍታው ያንኑ ይላል፤ ግን ጦሩን ይዞ ነው፦ «ሐኪማችሁ ከእኛ ጋር ይቅር፤ እናንተ እለፉ።» 2 ቢወጣ አሳዳጅ መስለዋቸው ቀድመው ይወረውራሉ። አንድ መስመር ነው፤ ሦስት የተለያየ ጠዋት ወጣው። የፈለጉት ነገር ግን አንድ ነው፤ ስለዚህ አንተ ለማሰብ አትቸገርም።

ውጊያ ሲሆንስ ሰዓት ተኩል ለምን ይፈጃል? ሁሉም እስኪሞት ስለሚዋጋ ነው። ሰውም አውሬም እንዲያ አያደርግም። የ1981ዱ እትም ወኔን በቁጥር ያስቀምጥ ነበር፤ ከ2 እስከ 12። ከወገናቸው የመጀመሪያው ሲሞት፣ ቀጥሎም ግማሾቹ ሲወድቁ፣ ሁለት ባለ 6 ዳይስ ትጥላለህ። ከወኔያቸው ቁጥር በላይ ከወጣ ይሸሻሉ ወይም እጅ ይሰጣሉ። ለጅቦቹ 6 ስጣቸው፤ አንድ ሲሞትባቸው ከግማሽ በላይ በሆነ ዕድል ይበተናሉ። ለሽፍቶቹ 8 ይበቃል፤ ከአራት አንዴ አካባቢ ይሰበራሉ። አለቃቸው ቃሬዛ ላይ እያለ ግን አይሸሹም በል፤ ጥለውት አይሄዱም። ብዙው ውጊያ ሦስተኛው ዙር አካባቢ ያልቃል። የሸሸ ጠላት ደግሞ ነገ ይመለሳል፣ ወይም ወሬ ይዞ ይሄዳል።

ዳይሱ ላይ አንድ ነገር ጨምር። 1 ገጠመኝ ከሆነ 2 ምልክት ይሁን። 2 ሲወጣ ያው ሠንጠረዥ ላይ ትጥላለህ፤ ግን ባለቤቱን አታመጣም፤ አልፎ የሄደበትን ታሳያለህ። ለ8 መንገድ ዳር የተጣለ የተሰበረ አሞሌና የበቅሎ ዱካ። ለ12 ነፋስ በሌለበት ደወል ይሰማል። ለ2 ዳር ላይ የተጎተተ የታንኳ ገመድ፤ ታንኳው የለም። ከዚያ ያ ፍጥረት ቅርብ እንደሆነ ያዘው፤ በዚያው ቀን 1 ከወጣ አዲስ አትጣል፣ እሱ ራሱ ነው የሚመጣው። ምልክት አንተን የሚያስለፋህ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ለተጫዋቾች ግን የመዘጋጀት ዕድል ነው፤ ዱካ መከተል የሚችል ገጸ-ባህሪ ያለው ጓደኛህም ሥራ ያገኛል።

ምልክት ካለ፣ ርቀት ካለ፣ አቀባበል ካለ፣ ዘንዶውን ለሦስተኛ ደረጃ (ገና ጀማሪ ለሆነ) ቡድን ብታስቀምጥ ችግር የለውም። እያንዳንዱ ገጠመኝ ለቡድኑ አቅም የተመጠነ መሆን አለበት የሚለውን እኔ አልቀበለውም። ሁሉም ከተመጠነ ማንም መሸሽን አያስብም። ግን መሸሽ እንደሚቻል በግልጽ ንገራቸው፤ የቪዲዮ ጌም የለመደ ሰው አይታየውም። ድሮ ለሚያሳድድ አውሬ ምግብ ጥሎ ማምለጥ ይቻል ነበር፤ የሚያስብ ጠላት ከሆነ ደግሞ ሀብት ትጥልለታለህ። ግማሽ በግማሽ ዕድል ቆም ይላል። ይህንን ሕግ አንሳው። ስንቅ ነገር ሆኖ የሚቆጠረው ያን ጊዜ ነው።

ሠንጠረዡ እንደተጻፈ እንዳይቀር። የሽፍቶቹን ጠቅላላ ቁጥር ወስን፤ 30 ናቸው እንበል። አራት ከሞቱ 26 ቀሩ፤ ከጎኑ ጻፈው። አለቃው ከዳነ የ6ኛው መስመር ተለውጦ «ሽፍቶች፣ ውለታ የሚያስታውሱ» ይሆናል። ሐሰተኛ ቀረጥ ሰብሳቢዎቹ ከተባረሩ ቦታቸውን እውነተኞቹ ይይዙታል፤ ከድሮዎቹ የባሱ ቢሆኑ ደስ ይለኛል። ጎብሊኖቹን ካላስቆሟቸው ሲመለሱ ድልድይ የለም። ጓደኞችህ «ይህን እኛ ነን ያደረግነው» የሚሉት ሠንጠረዡ ሲያስታውሳቸው ነው።

ክረምት ሲገባማ ሌላ ሠንጠረዥ ይሁን። የዱሮ ሲራራ ነጋዴ ወንዝ ሲሞላ እስኪጎድል ይቀመጥ ነበር። ስለዚህ 7 ላይ ነጋዴው ይወጣና ናዳው ብቻ ይቀራል፤ ወይም ወንዝ ዳር ተቀምጠው ስንቅ ያለቀባቸው መንገደኞች ይገባሉ። ቀረጥ የሚከፍል ስለሌለ 8 ይራባል፤ የተራበ ቀረጥ ሰብሳቢ ደግሞ ሽፍታ ነው። አምስት መስመር ብትቀይር ይበቃል። ሌላው ይቆይ።

ስለ ዝግጅት አጭር ነገር ልበል። ዳይስ ጥለህ መጽሐፍ ስታገላብጥ ነው ጓደኞችህ ስልክ የሚያነሱት። ከጨዋታው በፊት ቤትህ ቁጭ ብለህ የሚቀጥሉትን ሦስት ገጠመኞች ከነአቀባበላቸው ቀድመህ ጣላቸው፤ ቁጥራቸውንና ጉልበታቸውን አንድ ወረቀት ላይ ጻፍ። መቼ እንደሚመጡ ግን አትወስን። እሱን ጠረጴዛው ላይ ያለው ዳይስ ይወስን፤ ምክንያቱም ፍጥነታቸውና ጫጫታቸው እዚያ ላይ ይቆጠራል። በሌሊት ችቦ አብርተው ከሄዱ 1 ብቻ ሳይሆን 1 እና 2 ገጠመኝ ይሁን፤ ምልክቱ ወደ 3 ይሻገር። ቀስ ብለው ዝም ብለው ከሄዱ አንዱን የቀን ዳይስ ተውላቸው፤ ግን ጉዞው በአንድ ቀን ይረዝማል። ዳይሱን ፊት ለፊታቸው ጣለው፤ ዕድሉንም ንገራቸው። አንድ ስድስተኛ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ዳይሱ ሲንከባለል ስልኩን አያይም።

ለሚቀጥለው ጨዋታ ሁሉንም 11 መስመር መጨረስ የለብህም። 5፣ 6፣ 7፣ 8 እና 9ን ብቻ አጥብቀህ ጻፍ። አምስቱ ብቻቸውን ከ36 ዕድል 24ቱን ይይዛሉ። ሌላ ቁጥር ከወጣ 7ን ውሰድና ነጋዴዎቹን አምጣቸው። ናዳው መንገዱን ዘግቷል፤ 12 በቅሎ ቆሟል፤ ሰዓቱ እየመሸ ነው፤ ጅብም አለ።